ስለ ሰማያዊዋ ኪኒን ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ስለ ስንፈተ ወሲብ መድኃኒት፣ ስለ ቫያግራና መሰሎቹ፣ የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ አንባቢ ዘንድ ደርሷል። ሰባት ነጥብ አለው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ኪኒኑን መዋጥ ብቻ በቂ ነው፤ ለማዘዣ ብሎ ሐኪም ቤት መሰለፍ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከተጀመረ አይቀር በ100 ሚሊ ግራም ይጀመር፤ የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ፈጽሞ አይንካው፤ ከጥሩ እራትና ከመጠጥ ጋር ይበልጥ ይሠራል፤ ኪኒን የሚፈራ በማርና በሥራሥር የተዘጋጀውን ይውሰድ፤ አንዴ የጀመረ ሰው ግን መተው አይችልም።

ጸሐፊው በጎ አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። መግቢያቸው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ወንዶች ችግራቸውን አፍ አውጥተው እንዲናገሩ መምከራቸው ደግ ነው፤ በዚያ አንከራከርም። ከሰባቱ ነጥቦች ግን አንዱም እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ የጽሑፉን ቅደም ተከተል ትተን ከአራተኛው እንጀምራለን።

«የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ፈጽሞ አይንካው።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ሊከለከል የማይገባውን ሰው ይከለክላል፣ መከልከል ያለበትን ደግሞ ስሙን እንኳ አይጠራም። መከልከል ያለበት ናይትሬት የሚወስድ ሰው ነው። ናይትሬት የልብ ደም ሥር ጠቦ ደረታቸውን ለሚወጋቸው ሰዎች የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ሲያማቸው ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ናይትሮግሊሰሪን አንዱ ነው፤ በየቀኑ የሚዋጡት ኢሶሶርባይድ ዳይናይትሬትና ኢሶሶርባይድ ሞኖናይትሬትም እዚያው ይመደባሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ የምሽት ቤቶች እየተሸተተ የሚወሰደው «ፖፐርስ» የሚባለው ፈሳሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ውጭ አገር ያለ አንባቢ ይህንን ልብ ይበል።

ለምን አብረው አይሄዱም? ናይትሬት ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል። ናይትሪክ ኦክሳይዱ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል፤ እሱ ደግሞ የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላል። ቫያግራ ውስጥ ያለው ሲልዴናፊልም ሆነ ሲያሊስ ውስጥ ያለው ታዳላፊል የሚሠሩት ይህንኑ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም በመያዝ ነው። አንዱ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ሌላው እንዳይዘጋ መዝጊያውን ይይዛል። ሁለቱ በአንድ ሌሊት ከተገናኙ የመላው አካል ደም ሥር ይላላና ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ቀድሞውንም የጠበበው የልብ ደም ሥር ደግሞ የሚገፋው ደም ያጣል። እዚህ ላይ «ትንሽ መጠን ከሆነ» ወይም «ሰዓቱን አራርቆ» የሚባል ነገር የለም። ናይትሬት በእጁ ያለ ሰው፣ ሲያመው ብቻ የሚጠቀምበት ቢሆን እንኳ፣ ይህን መድኃኒት አይወስድም።

አደጋው በተቃራኒውም ይመጣል። አንድ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ኪኒኑን ውጧል እንበል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የጤና ባለሙያው እጅ መጀመሪያ ከሚሄድባቸው መድኃኒቶች አንዱ ናይትሮግሊሰሪን ነው። ባለቤቱ ስለ ኪኒኑ አታውቅም፣ ዘመድ አጠገቡ ቆሟል፣ እሱ ደግሞ ያፍራል። መናገር ያለበት ግን እዚያችው ሰዓት ላይ ነው፦ «ቫያግራ ወስጃለሁ፣ ከማታው 3 ሰዓት»። ሲልዴናፊል ከተወሰደ በኋላ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከተወሰደ በኋላ ደግሞ 48 ሰዓት ሳይሞላ ናይትሬት አይሰጥም፤ ባለሙያው ካወቀ የሚሰጠው ሌላ ነገር አለው። ስሙን በጆሮው ማንሾካሾክም ይበቃል።

አሁን ወደ ተከለከሉት እንመለስ። ግፊቱ በአምሎዲፒን ወይም በኢናላፕሪል የተስተካከለ ሰው ይህን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ይችላል፤ ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል እንጂ ክልክል አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው ለግፊት ዶክሳዞሲን፣ ፕራዞሲን ወይም ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስደው ነው። በዚያ መድኃኒት ላይ ተረጋግቶ ከቆየ በኋላ በ25 ሚሊ ግራም ሲልዴናፊል ይጀምራል፤ አለበለዚያ ከአልጋ ብድግ ሲል ዐይኑ ይጨልማል፣ አንዳንዱም ወድቆ ይፈነከታል። የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ መድኃኒቱ በብዛት ከሚያስፈልጋቸው ወገኖች ናቸው። መድኃኒቱ ለፈቃድ ሲቀርብ በስኳር ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ሲልዴናፊል ከወሰዱት 57 በመቶዎቹ መሻሻል አይተዋል፤ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ይህን ያሉት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች «ፈጽሞ አትንኩት» ማለት ከሐኪሙ ክፍል አስወጥቶ ወደ ሻንጣ ነጋዴው መላክ ነው።

የልብ ሕመም ያለበትን በተመለከተ ሐኪም የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ አለ። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያቋርጥ፣ ደረቱን ሳይወጋው ይወጣል? ከወጣ ልቡ አብዛኛውን ጊዜ የወሲብን ድካም ይችላል። ካልቻለ መጀመሪያ የሚታከመው ልቡ ነው። ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የልብ ድካት ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ በእረፍት ላይ ሳለ ደረቱን የሚወጋው፣ ግፊቱ ከ170/110 በላይ የሆነ ወይም ከ90/50 በታች የወረደ ሰው ይቆይ። ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ የሚባለው በዘር የሚመጣ የዐይን ሕመም ያለበትም እንዲሁ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ሌላ ነገር አለ። ወደ ብልት ደም የሚወስዱት የደም ሥሮች ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልብ ደም ሥሮች ከ3 እስከ 4። ስብ የሚያጠብባቸው ሁሉንም ነው፣ የሚደፈኑት ግን ቀጫጭኖቹ ቀድመው ነው። ለዚህ ነው በ50 ዓመቱ ቀስ በቀስ የብልት መቆም ያስቸገረው ሰው ከዓመታት በኋላ የልብ ሕመምተኛ ሆኖ የሚገኘው። ኪኒኑን ብቻ ገዝቶ የሄደ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ ሳያነበው ይጥለዋል።

«ማዘዣ የወረቀት ጣጣ ነው፤ ፋርማሲ ገብተህ ስሙን ብትጠራ ይሰጥሃል።»

የሚሰጥ እንዳለ እናውቃለን። ሰውዬው ይገባል፤ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ዋጋ ይጠይቃል፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ ያቺን ሰማያዊዋን» ይላል። አንድ ስትሪፕ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሙሉው ነገር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ግን አንድም ጥያቄ አልተጠየቀም። ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ኢትዮጵያ ውስጥ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶች ናቸው። ማዘዣው የሚጠቅመው ሰውየው ሐኪም ፊት ተቀምጦ እስኪጽፉለት ድረስ የሚጠየቀው ነገር ስላለ ነው።

ብሪታንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የ50 ሚሊ ግራም ሲልዴናፊል ያለ ሐኪም ማዘዣ በፋርማሲ እንዲሸጥ ፈቀደ። ጽሑፉ ይህን ቢያውቀው ኖሮ ለራሱ ማስረጃ ባደረገው ነበር። ነገር ግን የተነሣው ወረቀቱ ነው፣ ጥያቄው ቀርቷል ማለት አይደለም። ፋርማሲስቱ ገዢውን ለብቻ አነጋግሮ ስለ ልቡ፣ ስለ ግፊቱና ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይጠይቃል፤ መልሱ ካላማረው ሳይሸጥ ወደ ሐኪም ይልከዋል።

ታዲያ ሐኪም ዘንድ ምን ይደረጋል? ለመጀመር ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል፣ የስኳር ወይም የግፊት ክትትል ያለው ሰው ደግሞ እዚያው ክትትሉ ላይ ያንሣው። «የውስጥ ችግር አለብኝ» ብሎ ሐኪሙን ከማስገመት «ብልቴ አልቆም እያለ አስቸግሮኛል» ማለት ግማሽ ሰዓት ያሳጥራል። ሐኪሙ ችግሩ ድንገት ጀመረ ወይስ ቀስ በቀስ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቃ ይቆማል ወይስ አይቆምም ብሎ ይጠይቃል። ጠዋት በደንብ የሚቆምለትና ችግሩ ድንገት የመጣበት ሰው የደም ሥሩ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም የትዳር ጉዳይ ይመረመራል። ግፊት ይለካል፤ በባዶ ሆድ ስኳርና የደም ቅባት ይታያሉ። ፍላጎትም አብሮ ከቀነሰ ቴስቶስቴሮን ይለካል፤ ይህ ሆርሞን በቀን ውስጥ ስለሚዋዥቅ ደሙ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ መወሰድ አለበት። ከሰዓት በኋላ ተለክቶ «አነሰ» የተባለ ውጤት ብዙ ዋጋ የለውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሚዋጡ መድኃኒቶች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ከማስታወስ ይልቅ ማሸጊያዎቹን በፌስታል ይዞ መሄድ ይሻላል። አንዳንዱ መድኃኒት ራሱ የችግሩ ምክንያት ይሆናል፦ ለግፊት የሚሰጡት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፕሮፕራኖሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ለፕሮስቴት የሚሰጠው ፊናስቴራይድ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ በሌላ ቀይሮት ነገሩ ይስተካከላል። በራስ ማቆም ግን ሌላ ጦስ ያመጣል፤ ፕሮፕራኖሎልን በድንገት ማቋረጥ የልብ ድካት ሊያስከትል ይችላል።

ሌሎች ደግሞ የኪኒኑን ጉልበት ይለውጣሉ። ሲልዴናፊልን ጉበት ውስጥ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ይህን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ ኪኒኑ ደም ውስጥ ይከማቻል። ለፈንገስ የሚሰጠው ኬቶኮናዞል፣ አንቲባዮቲኮቹ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ይህን ያደርጋሉ፤ የሚጀመረው በ25 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከሁሉም የከፋው ሪቶናቪር ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጋር ተደርቦ ይሰጣል። በጥናት ሲታይ ሪቶናቪር በደም ውስጥ ያለውን አጠቃላይ የሲልዴናፊል መጠን ወደ 11 እጥፍ አድርሶታል። እንዲህ ያለ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊ ግራም በላይ አይወስድም። አሁን በአንደኛ ደረጃ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ግን ይህ ጠባይ የለውም። የቲቢው ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ኢንዛይሙን ስለሚያበረታ ታዳላፊልን በ88 በመቶ ያሳንሰዋል፣ ሰውየውም «አልሠራልኝም» ብሎ ይደራርባል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱን በፋርማሲ መስኮት፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ማን ነው? ለዚህ ነው ጥያቄው በር በተዘጋበት ክፍል መጠየቅ ያለበት።

በማዘዣው ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፣ ብዛቱ፣ አወሳሰዱ፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ መኖራቸውን አይተው ይውጡ። ሐኪሙ «ሲልዴናፊል» ብሎ ከጻፈ ቫያግራ የሚለው ስም የግድ አያስፈልግም። ሲልዴናፊልም ታዳላፊልም ዛሬ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ጀነሪክ (ውስጡ ያው ሆኖ በሌላ ስም የሚሸጥ መድኃኒት) ሆነው ስለሚመረቱ የተመዘገበ ጀነሪክ ያንኑ ሥራ በርካሽ ይሠራል። ሲቀበሉ ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ባች ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ በካርቶኑና በስትሪፑ ላይ አንድ ዓይነት፣ ውስጡ የመመሪያ ወረቀት ያለው መሆኑን ይመልከቱ። በፍሬ ተቆርጦ፣ ቀኑ በተቀደደ ስትሪፕ የሚሸጥ ኪኒን አይገዛም። ከዱባይ በሻንጣ ገባ የሚባለውም ሳጥኑ ያማረ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ አስመሳዮች መጀመሪያ የሚያሳምሩት ሳጥኑን ነው። የተጠራጠረ ሰው በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላል።

«በ100 ጀምር፤ ካልሠራ ሁለተኛ ጨምር።»

ቁጥሩ ይናገር። በመድኃኒቱ የፈቃድ መረጃ ላይ እንዳለው፣ ከ24 ሳምንት በኋላ መሻሻል አየን ያሉት በ25 ሚሊ ግራም 63 በመቶ፣ በ50 ሚሊ ግራም 74፣ በ100 ሚሊ ግራም 82 ነበሩ፤ በባዶ ኪኒን 24። ራስ ምታት የያዛቸው ደግሞ 16፣ 21 እና 28 በመቶ፤ በባዶ ኪኒን 7። ከ50 ወደ 100 ሲታለፍ ትርፉ ስምንት ነጥብ ነው፣ የራስ ምታቱ ጭማሪም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መነሻው 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ጉበቱ ለታመመ ወይም ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመ ሰው 25። እንደ ውጤቱ ሐኪሙ ወደ 100 ያሳድገዋል ወይም ይቀንሰዋል። 100 ጣሪያው ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥም የሚወሰደው አንዴ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አልሠራም ብሎ ሁለተኛ የዋጠ ሰው የመጀመሪያው ገና ደሙ ውስጥ እየጨመረ ሳለ ነው የደረበበት።

ለመቆጠብ ሲሉ የ100ውን ለሁለት የሚከፍሉ አሉ። ሁለቱ ግማሾች ትንሽ ቢበላለጡም ሐኪም ካወቀው አይጎዳም፤ በኪኒን መቁረጫ እንጂ በጥርስ ወይም በቢላ አይሁን፣ የቀረው ግማሽም በቀጣዩ ጊዜ ይዋጥ። ኪኒኑን በኪስ ቦርሳ ወይም በመኪና ዳሽቦርድ ማስቀመጥ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በራሱ ስትሪፕ፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ታዳላፊል ሌላ መቁጠሪያ አለው። መነሻው 10፣ ጣሪያው 20 ሚሊ ግራም ነው፤ እስከ 36 ሰዓት ይሠራል። በየቀኑ የሚወሰደው ደግሞ 2.5 ወይም 5 ሚሊ ግራም ነው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። በሳምንት ሁለትና ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ወይም የፕሮስቴት ችግር ተደርቦበት ሽንት ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ይስማማል። ሲልዴናፊልንና ታዳላፊልን በአንድ ቀን ማደባለቅ ክልክል ነው።

«ዋጥ አድርገው፣ የቀረውን ለሱ ተወው» የሚለው የጽሑፉ የመጀመሪያ ነጥብ ነው። ኪኒኑ ፍላጎት አይፈጥርም። የብልት ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቁት በወሲብ ስሜት ሲነቃቁ ነው፤ ኪኒኑ ያንን መልእክት ያራዝመዋል እንጂ አይጀምረውም። (ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥር መልእክተኛ መሆኑን ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ቫያግራም አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ነበር። መጀመሪያ ሲመረመር የነበረው ለደረት ውጋት መድኃኒትነት ነው።) ዋጥ አድርጎ ዜና እያየ የሚጠብቅ ሰው ምንም አያይም። ከወሲቡ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ለአንዳንዱ በ30 ደቂቃ ይጀምራል፣ እስከ 4 ሰዓትም ይቆያል። አንዴ ሞክሮ አልሠራም ማለትም አይበቃም። በትክክለኛው ሰዓትና በሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ያህል ሳይሞከር «መድኃኒቱ አልያዘኝም» አይባልም። ከዚያ በኋላም ካልሆነ የቫኪዩም ፓምፕ፣ ብልት ላይ የሚወጋ አልፕሮስታዲልና ሌሎች መንገዶች አሉ፤ እነዚህ የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የብልት) ሐኪም ሥራ ናቸው።

«ከጥሩ እራትና ከመጠጥ ጋር።»

ይህ ምክር ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ የሚያስጥል ነው። ቅቤ የበዛበት ክትፎ በልቶ ወዲያው ሲልዴናፊል የዋጠ ሰው መድኃኒቱ ወደ ደሙ እስኪገባ አንድ ሰዓት ያህል ይዘገይበታል፣ ከፍተኛው መጠንም በ29 በመቶ ይቀንሳል። እራት 1 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ፣ ኪኒኑ 3 ሰዓት ላይ ቢሆን ይሻላል። ታዳላፊል ምግብ አይፈራም። አልኮል ግን ለሁለቱም አይበጅም፦ ራሱ የደም ሥር ያላላል፣ ግፊትም ያወርዳል፣ ነርቭንም ያደነዝዛል። አንድ ቢራ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ሦስት መለኪያ አረቄ ላይ ኪኒን መጨመር ግን ሰውን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያስተኛል። ጫትም ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የደም ሥር ያጠብባል፤ ቀኑን ሲቅም ውሎ ማታ የሚውጥ ሰው ልቡን በሁለት ተቃራኒ ገመድ ያስጎትተዋል።

«ማርና ሥራሥር ጉዳት የለውም።»

ንጹሕ ማር ጉዳት የለውም፣ የብልት ደም ሥርም አይከፍትም። በትናንሽ ከረጢት ታሽጎ «ለወንዶች» ተብሎ የሚሸጠው ማር ሲሠራ ግን ለምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለ ማር የሚሸጡ አራት ድርጅቶችን አስጠነቀቀ፤ ሲመረመር በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቶበት ነበር። እንግዲህ ናይትሬት የሚወስደው የልብ ሕመምተኛ ኪኒኑን ፈርቶ ወደ ማሩ ይሄዳል፣ ያንኑ ኪኒን መጠኑን ሳያውቅ በማንኪያ ይልሰዋል። ጽሑፉ ሕመምተኞችን ከኪኒን አስፈራርቶ የላካቸው እዚህ ነው፤ አራተኛውና ስድስተኛው ነጥብ የሚገናኙት በዚህ ማንኪያ ላይ ነው።

የባሰም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር ሕመም የሌለባቸው 150 ሰዎች የደም ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሲጣራ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጡ የወሲብ ማነቃቂያ ምርቶች ውስጥ ግሊቤንክላማይድ፣ ማለትም የስኳር ሕመም መድኃኒት፣ ተገኘ። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ማሸጊያ ላይ መጻፉ የውስጡን አይናገርም። እንዲህ ያለ ነገር ወስዶ ላብ ያጠመቀው፣ እጁ የተንቀጠቀጠ፣ ግራ የተጋባ ሰው ካለ ስኳር ያለበት ነገር አጠጥቶ ማሸጊያውን ይዞ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም።

«አንዴ የጀመረ መተው አይችልም» የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ላይ ብዙ አንቆይም። ሲልዴናፊል እንደ ኦፒየም ሱስ አያስይዝም፤ ሲቆም የሚንቀጠቀጥ ሰውነት የለም። ሲልዴናፊል አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ፣ ታዳላፊል በጥቂት ቀናት ከሰውነት ይወጣል። ክብደት ቀንሶ፣ ስኳሩን አስተካክሎ፣ ሲጋራ አቁሞ ኪኒኑን የተወ ሰው ብዙ ነው። የሚይዘው ልማድ የአእምሮ ነው፦ ምንም የማይጎድለው የ25 ዓመት ወጣት ለጉራ ጀምሮት በኋላ ያለሱ አልችልም ብሎ ይፈራል። እሱ የሚያስፈልገው ከ100 ሚሊ ግራም ይልቅ አማካሪ ነው፤ ማዘዣ ቢጻፍለትም ለአጭር ጊዜ፣ በትንሹ መጠን፣ ከንግግር ሕክምና ጋር ይሆናል።

ጽሑፉ በሰባት ነጥቡ አንድም ቦታ ላይ የጎንዮሽ ጉዳትን አላነሣም። ራስ ምታት፣ የፊት መጋል፣ የአፍንጫ መታፈን፣ ቃር የተለመዱ ናቸው፣ በሰዓታት ውስጥ ያልፋሉ። ሲልዴናፊል ለአንዳንዱ ነገሩን ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ያሳየዋል፤ ያ እስኪያልፍ መኪና አይንዳ። ታዳላፊል በማግስቱ ወገብና ጭን ሊያሳምም ይችላል። አንድ ዐይኑ ድንገት የጠፋበት ወይም ጆሮው ድንገት የደነቆረ ሰው ግን ሁለተኛ ኪኒን ሳይነካ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ብልቱ ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ አልወርድ ያለው ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ። ይህ ብርቅ ነው፤ ግን ውስጡ የታሰረው ደም ኦክሲጂን ስለሚያጣ ሥጋው እየሞተ ይሄዳል፣ በቆየ ቁጥር ብልቱ ዳግመኛ ያለመቆሙ ነገር እየሰፋ ይመጣል። በረዶ መያዝ፣ ገላ መታጠብ፣ ቡና መጠጣት አያወርደውም። ድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ በመርፌ የታሰረውን ደም ይቀዳል፣ ካስፈለገም የደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ይወጋል። እዚያ ሲደርስ ስንት ሰዓት ላይ ምን፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደወሰደ ይናገር፤ ስትሪፑም በኪሱ ይኑር።